ከቀለሙ በፊት ውሃው
(ምልልስ)

አንዷ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የምታስተምርና በቅርቡ የግቢ ሕንፃዎች እድሳት ኮሚቴ አባል የሆነች መምህርት ናት። ሌላው ዕድሜያቸውን በግንባታ ቁጥጥርና በጥገና ሥራ አሳልፈው በጡረታ ላይ ያሉ መሐንዲስ ናቸው። ግንቦት ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ እየተዘዋወሩ ተወያይተዋል።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነው ያስቸገርኩዎት። የትኛው ሕንፃ ይታደስ፣ የትኛው ይፍረስ፣ አዲሱስ የት ይሠራ የሚለውን አጥንታችሁ አቅርቡ ተብለናል። ስብሰባ ላይ ግን የሚነሣው ሁሉ ቀለምና ሴራሚክ ነው። ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል።

መሐንዲሱ፦ ከውሃ ጀምሪ፣ ልጄ። ከዕድሜም ከተማሪ ብዛትም ይልቅ ሕንፃን የሚጎዳው ውሃ ነው። ጣሪያው ላይ ያረፈው ዝናብ በየት በኩል ይወርዳል? መሬት ሲደርስ ወዴት ይሄዳል? ከግቢው በየት ይወጣል? እነዚህን ሦስት ነገሮች በእግርሽ ተከትለሽ ሳታዪ ስለ ቀለም ምርጫ አትወያዪ።

መምህርቷ፦ ውሃ ሕንፃ እንደሚጎዳ ማን ያጣዋል? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼም ያውቁታል።

መሐንዲሱ፦ መጉዳቱንማ ሁሉም ያውቃል፤ መጠኑን የሚያሰላ ነው ያነሰው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 600 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው አንድ የመማሪያ ሕንፃ እንውሰድ። ሐምሌ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 18,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ትልቅ የውሃ ቦቴ ሙሉ ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚወርድ ነው። ያ ጣሪያ ብቻውን በዓመት ወደ 720,000 ሊትር ይቀበላል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ከተደፈነ ይህ ሁሉ ውሃ ግድግዳውን ይዞ ይወርድና መሠረቱ ሥር ይጠራቀማል።

መምህርቷ፦ እኛ ጋ አንድ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ድሮ የአውራጃ መሥሪያ ቤት የነበረ ነው ይላሉ፤ አሁን የመምህራን ቢሮ ሆኗል። ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ልስኑ አብጧል፤ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይተፋል። በየሁለት ዓመቱ ይፋቃል፣ ይለሰናል፣ ይቀባል። በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ያብጣል።

መሐንዲሱ፦ የተለሰነው በምንድን ነው?

መምህርቷ፦ በሲሚንቶ። ላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ነው።

መሐንዲሱ፦ ከውጭ በኩል መሬቱስ እንዴት ነው?

መምህርቷ፦ የአበባ መደብ ተሠርቶበታል። ከመደቡ ቀጥሎ በሲሚንቶ የተሠራ የእግረኛ መንገድ አለ።

መሐንዲሱ፦ መደቡ ከውስጠኛው ወለል ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ ይላል?

መምህርቷ፦ አሁን ሲጠይቁኝ ሳስበው ከፍ ይላል። በየዓመቱ አፈር ሲጨመርበት ነው የኖረው።

መሐንዲሱ፦ በሽታው እንግዲህ እሱ ነው። የአትክልቱ ውሃና የጣሪያው ውሃ አንድ ላይ ሆነው ግድግዳው ሥር ይቀመጣሉ። ድንጋዩና ማያያዣው ውሃውን ወደ ላይ ይስቡታል፤ ውሃው በመሬትና በድንጋይ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። የድሮው ግንብ የተያያዘው በጭቃ ወይም በኖራ ከሆነ እርጥበቱ በልስኑ በኩል ተንኖ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። እናንተ በሲሚንቶና በፕላስቲክ ቀለም መውጫውን ዘጋችሁበት። ውሃው ከልስኑ ጀርባ ይታፈናል፤ ጨው እየደረቀ ሲያብጥ ልስኑን ይገፋዋል። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለሽ እያንኳኳሽ ሂጂ። የያዘው ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጥሻል፤ የለቀቀው ቦታ ባዶ ድምፅ ያሰማል። የለቀቀውን በኖራ ጠመኔ አክብቢና ፎቶ አንሺው። ከወለሉ ምን ያህል ከፍታ ድረስ እንደደረሰም በሜትር ለኪ። በዓመቱ ተመልሰሽ ስትለኪው በሽታው እየወጣ ይሁን እየወረደ በቁጥር ታውቂዋለሽ።

መምህርቷ፦ መድኃኒቱስ?

መሐንዲሱ፦ መደቡን አንሡት። መሬቱን ከወለሉ በታች ዝቅ አድርጋችሁ ከግድግዳው እንዲሸሽ አዘንብሉት። የአሸንዳውን መውረጃ ቱቦ እስከ ቦዩ ድረስ አድርሱት፤ ብዙ ቦታ ቱቦው ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ ተቆርጦ ይቀርና ውሃውን ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። ሲሚንቶውን አንሥታችሁ ግድግዳው አንድ ሙሉ በጋ ራቁቱን ይድረቅ። ከዚያ በኖራ ለስኑት፣ በኖራ ቀቡት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውድ የሚባል ሥራ የለም። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና የኖራ ሥራ የሚያውቅ ለሳኝ ነው። እሱ ደግሞ እያነሰ ነው።

መምህርቷ፦ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን አይሠራም? አሸንዳ ማስጠረግ ስንት ያስወጣል?

መሐንዲሱ፦ ከገንዘቡ በላይ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ይህን ከዝናቡ ወቅት ጋር አስተያዪው። በጀቱ የሚከፈተው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። የግዥ ፍላጎት ተሰብስቦ፣ የጨረታ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ ጨረታው ወጥቶና ተገምግሞ ውል እስኪፈረም ጥር፣ የካቲት ይደርሳል። ተቋራጩ ቦታውን ተረክቦ ዕቃ እስኪያስገባ መጋቢት ያልቃል። ግንቦት ላይ ሁሉም ይደነግጣል፤ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ሰኔ 30 ተመላሽ ይሆናልና። ስለዚህ ዝናቡ እየወረደ፣ ያልደረቀ ልስን ላይ ቀለም ይቀባል። ለሥራ ከሁሉም የሚመቹት ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ደረቅ ወራት በወረቀት ላይ ያልፋሉ።

መምህርቷ፦ እውነት ነው። እኛም ጋ የቀለም ሥራ የሚጧጧፈው ሰኔ ላይ ነው፤ ተማሪው ለፈተና በሚቀመጥበት፣ ኮሪደሩ ሁሉ በመወጣጫ በሚዘጋበት ሰሞን። ግን እንዲህ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አንድ ኮሚቴ እንዴት ይለውጠዋል?

መሐንዲሱ፦ የበጀት ዓመቱን መለወጥ አትችሉም፤ ዝግጅቱን ግን ቀድማችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። የዳሰሳ ጥናቱን ነሐሴ ላይ ሥሩ፤ ዝናቡ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሁሉ ራሱ ያሳያችኋል። ዝርዝሩንና የሥራ መጠኑን መስከረም ላይ አዘጋጁ። ለተደጋጋሚ ሥራዎች ማለትም ለአሸንዳ፣ ለቆርቆሮ ምስማር፣ ለቧንቧ፣ ለበርና ለመስኮት በየዓመቱ አዲስ ጨረታ ከማውጣት የማዕቀፍ ስምምነት ይኑራችሁ። ከሁሉም በላይ ግን ደመወዝተኛ የሆነ የራሳችሁ የጥገና ቡድን ይኑር፤ አንድ አናጺ፣ አንድ ግንበኛ፣ አንድ የቧንቧና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሦስት የተነቀሉ የቆርቆሮ ምስማሮችን ግንቦት ላይ የሚመታ ሰው ከሌለ በሁለት ክረምት ኮርኒሱ ይረግፋል፤ በአራት ክረምት የጣሪያው እንጨት ይበሰብሳል።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እስካሁን ያሉትን እቀበላለሁ። አሁን ግን ልቃወምዎት። እርስዎ የቆየ ሕንፃ ይወዳሉ። እኛ ጋ ተማሪው ዶርም ውስጥ ተጣቦ ነው የሚኖረው። ላቦራቶሪ ተብሎ የተሰየመው ክፍል የውሃ መስመር የለውም። ቤተ መጻሕፍቱ በፈተና ሰሞን መቀመጫ አይገኝበትም። ያለንን ጥቂት ገንዘብ የድሮ ድንጋይ ለማድረቅ ብናውለው ተማሪው ምን ይለናል? ሕንፃ ሰውን ካላገለገለ ቅርስ መሆኑ ብቻውን ምን ያደርጋል?

መሐንዲሱ፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ሸሽቼ አላልፈውም። ና ብለው ያስገቡትን ተማሪ ማስተኛትና ማስተማር ግዴታ ነው። ግን እስቲ ይህን በዙሪያችን ያለውን ግቢ እዪው። ይህ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተሠራ። በወረራው ጊዜ የጣሊያን እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በእንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተገደሉትም እዚሁ፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዋናው ቤት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና የሙዚየሙ ማረፊያ ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ዛሬም ገብተሽ ማየት ትችያለሽ። እና ልጄ፣ ይህን ቤት ያቆየው አገልግሎት ነው። ተዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ ይህን ያህል ዘመን አይቆይም ነበር። ያገለግል ያልሽው ትክክል ነው፤ እኔ የምልሽ የቆየውን ሕንፃ ለማገልገል አብቁት ነው።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ያገልግል። ግን አገልግሎቱ ሲቀየር ሕንፃውም መቀየር አለበት። መኝታ ቤት ሙዚየም ሲሆን የኤሌክትሪክ መስመር ይቀየራል፤ ሰገነት ቢሮ ሲሆን ግድግዳ ይፈርሳል። የቱን መንካት፣ የቱን መተው እንዳለብን ማን ይወስናል?

መሐንዲሱ፦ በመጀመሪያ ሕጉ ይወስናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ሕንፃ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ ከመሠራቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ያንን ማለፍ የለም። ከሕጉ በኋላ ደግሞ ማስተዋል ይመጣል። ወደዚያ ደረጃ እንሂድ።

መምህርቷ፦ አንበሳው ያለበት?

መሐንዲሱ፦ አዎ፣ እሱ። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት። ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን አንድ ዓመት እንዲቆጥር ተደርጎ የተሠራ። ከነፃነት በኋላ አፍርሶ መጣል ቀላል ነበር፤ ማንም አይቃወምም ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው። የይሁዳ አንበሳ ጫፉ ላይ ተቀመጠበት። የወራሪው ሐውልት የድል ሐውልት ሆነ። አንድ ድንጋይ ሳይነቀል አንድ ነገር በመጨመር ብቻ የዚያን ሁሉ ዘመን ታሪክ ገለበጡት። በአገራችን ከተሠሩ የእድሳት ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ብልህ ውሳኔ አላውቅም። ተማሪዎችሽን አምጥተሽ አሳዪያቸው። መጀመሪያ ሕንፃው ምን እንደሚል አንብቡ፤ ከዚያ እናንተ የምትሉትን ጨምሩበት።

መምህርቷ፦ አምጥቼ አሳያቸዋለሁ። ይህ ደረጃ ግን ሌላም ነገር አስታወሰኝ። እኛ ጋ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ተማሪዎች አሉ። የመምህራን ቢሮ የሆነው ያ የድንጋይ ሕንፃ መግቢያው ላይ አምስት እርከን አለው፤ መምህሩን ለማናገር ውጭ ቆመው ሰው ይልካሉ። እዚህ ላይ አልደራደርም። የቆየ ሕንፃ ነው ተብሎ አንድ ተማሪ ደጅ መቅረት የለበትም።

መሐንዲሱ፦ መደራደርም የለብሽም። የሕንፃ ሕጉም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡባቸው እንዲሆኑ ያዛል። ከዋናው መግቢያ ጎን መወጣጫ መንገድ ሥሩ። አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ስጡት፤ ከዚያ ያጠረ ከሆነ ለገፊውም ለተቀማጩም አደጋ ነው። ከአሮጌው ግንብ ጋር አታያይዙት፤ ለብቻው ይቁም፤ ነገ የተሻለ ነገር ሲገኝ ግንቡ ሳይጎዳ ይነሣል። በጀርባ በር፣ በወጥ ቤት በኩል ዙሩ አትበሏቸው። ከሁሉም ጋር በአንድ በር ይግቡ።

መምህርቷ፦ ወደ አዲስ ግንባታ እንምጣ። ሁሉን ነገር በእድሳት አንወጣውም።

መሐንዲሱ፦ አትወጡትም። ግን ከመገንባታችሁ በፊት ያላችሁን ለኩ። የክፍሎቹን ሁሉ የጊዜ ሰሌዳ አውጡ። የትኛው ክፍል በሳምንት ስንት ሰዓት ተማሪ ይቀመጥበታል? ጠዋት ጠዋት የክፍል ያለህ የሚል ግቢ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከለካችሁ በኋላ የጎደለው ላቦራቶሪ ከሆነ ላቦራቶሪ ሥሩ፤ ዶርም ከሆነ ዶርም። እንዲሁ «የመማሪያ ሕንፃ» ተብሎ የሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያስመስላችኋል፤ አዲሱ ሳያልቅ ያለው ይፈርሳል።

መምህርቷ፦ ንድፍ ላይ ደግሞ የእኔ ቅሬታ አለ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ፕላን እንድንጠቀም ጫና ይደረግብናል፤ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል ተብሎ።

መሐንዲሱ፦ አገሪቱ ያንን መንገድ የመረጠችበት ምክንያት ነበራት። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ አስተባባሪነት 13 ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ፕሮግራም ሲገነቡ የሕንፃ ዓይነቶችን አንድ ወጥ ማድረግ ፍጥነት ሰጥቷል። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያሉን በዚያ ፍጥነት ነው። አሁን ግን ጥድፊያው አልፏል፤ ማስተካከያው የእናንተ ነው። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። አንዷ ጥላና ነፋስ ትፈልጋለች፤ ሌላዋ ፀሐይ የሚገባበት መስኮትና ብርድ የማያስገባ በር ትፈልጋለች። በሰመራ የምዕራብ ፀሐይ የሚገባበት ትልቅ መስታወት የምትሠሪ ከሆነ ተማሪውን ትቀቅዪዋለሽ፤ ከዚያ ለማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ ዕድሜ ልክ ትከፍያለሽ። የፕላን ወጪ የተቆጠበ መስሎ በመብራት ቢል ይመለሳል።

መምህርቷ፦ ጨረታውስ? በትንሽ ዋጋ ያሸነፈ ተቋራጭ ይመጣል፤ ከመንፈቅ በኋላ የዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሥራው ይቆማል። ግቢያችን ውስጥ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ ዝገት የሚበላው ሕንፃ አለ።

መሐንዲሱ፦ የዚያ ጥፋት ግማሹ ተቋራጩ ሳይመጣ በፊት የተሠራ ነው። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ መሠረት ከተነደፈ፣ የሥራ መጠኑ በግምት ከተሞላ፣ ቁፋሮው ሲጀመር ሁሉም ነገር «ተጨማሪ ሥራ» ይሆናል። ብዙ የአገራችን ከተሞች ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ያሉ ናቸው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቀላል ሕንፃ ያነሣል። ያንን ያላየ ንድፍ ከጅምሩ ዋጋው ሐሰት ነው። በእድሳት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ልስኑ ሳይነሣ ውስጡን ማን ያውቃል? ስለዚህ ከጨረታው በፊት በጥቂት ቦታ ከፍታችሁ እዩ፤ አንድ ሁለት ካሬ ሜትር ልስን አንሡ፣ ኮርኒሱን ቀዳችሁ የጣሪያውን እንጨት በቢላ ውጉት። ቢላው ዘልቆ ከገባ በስብሷል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት፤ አቧራው ለሠራተኛውም ለተማሪውም መርዝ ነው። ይህ ሁሉ የጨረታ ሰነዱ ውስጥ ይግባ።

መምህርቷ፦ ርክክብ ላይ የሚመክሩኝስ?

መሐንዲሱ፦ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ስለሆነ ሁሉም ይመጣል። አንቺ የመጨረሻው ርክክብ ላይ ተገኚ። አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት አለ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ደግሞ አንድ ክረምት አለ። መስከረም ላይ ክፍል በክፍል ዙሪ። መስኮት ሥር የተጠራቀመ ውሃ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወደ በር የሚፈስስ ውሃ፣ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካየሽ ጻፊው። ከተቋራጩ ክፍያ ለዋስትና የተያዘው ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት ይስተካከል። ከዚያ በኋላ የሚያስተካክልልሽ አታገኚም።

መምህርቷ፦ ስንጥቅስ? በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ እኛም ጋ ተማሪዎች ከዶርም ሮጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የታየ ስንጥቅ ሁሉ ያስፈራቸዋል። አዲስ ይሁን የቆየ የሚነግረን የለም።

መሐንዲሱ፦ የሚነግርሽ መዝገብ ነው። ስንጥቁ ላይ ትንሽ የጂፕሰም ልጥፍ አድርጊና ቀኑን ጻፊበት። ልጥፉ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው፤ ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ ድሮ ሆኖ ያበቃ ነው። የአንድ ኩባያ ጂፕሰም ዋጋ ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ፋይል ይኑረው፤ ፕላኑ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የተጠገነው ነገር፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ስንጥቆቹ ከነቀናቸው። ስንት ግቢ አይቻለሁ፣ የውሃ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው አንድ የቆየ ሠራተኛ ብቻ የሆነበት። እሱ ጡረታ ሲወጣ ግቢው ካርታ አልባ ይቀራል። ከዚያ ለአንድ ፍሳሽ ሦስት ቦታ ይቆፈራል።

መምህርቷ፦ ይህን መዝገብ የሚሠራልን ባለሙያ መቅጠር አንችልም።

መሐንዲሱ፦ አርክቴክቸርና ሲቪል ምሕንድስና የምታስተምሩ አይደላችሁም እንዴ? ባለሙያው እጃችሁ ላይ ነው። በኋላ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የተባለው ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ በ1940ዎቹ ከስዊድን ጋር በትብብር ሲቋቋም ጀምሮ ተማሪን ከእውነተኛ ግንባታ ጋር የማገናኘት ልማድ ነበረው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ እዚያው ግቢ ውስጥ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው አንድ የሙከራ ቤት ሠርተዋል፤ የምድር ቤቱ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ላዩ የተጨመቀ የአፈር ብሎክ፣ ወለሉና ጣሪያው በስስ ጡብ የተቀለሰ ቅስት። ለአፈር ያለንን ንቀት የሚያስተው ቤት ነው። የእናንተም ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ሕንፃ ይለኩ፣ ይሣሉ፣ ያንኳኩ። የአራት ዓመት ተማሪ የአራት ሕንፃ ፋይል ትቶ ይመረቃል። የእድሳቱ ሥራ ሲጀመር ደግሞ ትምህርቱን ወደዚያ አምጪው፤ ኖራ ሲቦካ፣ የበሰበሰው እንጨት ተቆርጦ በአዲስ ሲቀጠል ይዩ። ለሳኙንና አናጺውን መምህር አድርገሽ አስቀምጪ። እነሱ የሚያውቁትን እኔም አንቺም በመጽሐፍ አናገኘውም።

መምህርቷ፦ ይህን ወድጄዋለሁ። ግን አሁንም የገንዘቡ ጥያቄ አልተመለሰም። ፋይሉ ቢሟላ፣ ተማሪው ቢለካ፣ ለጥገና ተብሎ የተያዘ መደብ ከሌለ ሁሉም ጥናት ሆኖ ይቀራል። ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ሲጠየቅ ይገኛል፤ ለአሸንዳ ሲጠየቅ የለም።

መሐንዲሱ፦ ምክንያቱም አዲስ ሕንፃ ፎቶ ይወጣለታል። እዚህ ላይ ነው ጠንክረሽ መከራከር ያለብሽ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚያ መንገድ ይሄዳሉ ተብሎ ይጠበቃል። የራስን ገቢ በራስ ማስተዳደር ሲመጣ በጀቱ በሰኔ ይመለሳል የሚለው ምክንያት ይጠፋል። ያኔ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ማነው? እናንተ ናችሁ። ከአሁኑ ልማዱን ያልያዘ ዩኒቨርሲቲ ነፃነቱን ሲያገኝም ሌላ ፎቅ ነው የሚጀምረው።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ለኮሚቴው የማቀርበውን ልንገርዎትና ያርሙኝ። አንደኛ፣ በዚህ ክረምት ነሐሴ ላይ ሁሉንም ሕንፃ በዝናብ ጊዜ እንዞራለን፤ የጥገናው ዝርዝር ከዚያ ይወጣል። ሁለተኛ፣ አሸንዳና ቦይ በየዓመቱ እስከ ግንቦት 30 ተጠርጎ የሚያልቅ፣ ኃላፊው በስም የሚታወቅ ሥራ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የድንጋይ ሕንፃው ቀለም አይቀባም፤ መደቡ ይነሣል፣ አንድ በጋ ይደርቃል፣ በኖራ ይለሰናል፣ መግቢያው መወጣጫ መንገድ ይሠራለታል። አራተኛ፣ የክፍል አጠቃቀም ሳይለካ አዲስ የመማሪያ ሕንፃ አይታቀድም። አምስተኛ፣ የሕንፃዎቹን ፋይል ተማሪዎች በኮርስ ይሠሩታል።

መሐንዲሱ፦ ጥሩ ነው። ስድስተኛውን ጨምሪ፤ ያለ እሱ አምስቱም አይቆሙም። ማንኛውም አዲስ ሕንፃ ሲጸድቅ የየዓመቱ የጥገና ገንዘቡ አብሮ ይጽደቅ። ሕንፃውን ለመሥራት አለን፣ ለመጠበቅ የለንም የሚል ዕቅድ ተቀባይነት አያግኝ።

መምህርቷ፦ ይህማ ስብሰባውን ሁለት ቀን ያስረዝመዋል። «አዲሱን ሕንፃ ልታስቀሪ ነው» ይሉኛል።

መሐንዲሱ፦ ይበሉሽ። አንድ ሕንፃ ዋጋው የሚከፈለው አንዴ እንደሆነ አድርጎ ማቅረብ መንግሥትንም ተማሪንም ማሳሳት ነው። ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እስኪፈርስ ድረስ በየዓመቱ ያስወጣል። ያንን አስቀድማችሁ ብትናገሩ ምናልባት ከአራት ሕንፃ ሦስቱን ትሠራላችሁ፤ ግን ሦስቱም የልጅ ልጆቻችሁ የሚማሩባቸው ይሆናሉ።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ስድስተኛውን ወደ አንደኛነት አመጣዋለሁ። ስብሰባውም በእሱ ይጀመር፤ ስለ ቀለሙ የምንነጋገረው እሱ ከጸደቀ በኋላ ነው።